ካርታው ከመሬቱ ጋር አልገጥም ሲል፦ ሀዋሳ ላይ በወረቀት ካርታ መጓዝ

ችግር፦ ካርታው ላይ በስተቀኝ ያለው ሰፈር መሬት ላይ በስተግራ ሆነ።
ምክንያቱ ካርታው አለመዞሩ ነው። ስልክ እኛ በዞርን ቁጥር አብሮን ይዞራል፤ የወረቀቱ አናት ግን ሁልጊዜ ሰሜን ነው። ሀዋሳ ላይ ይህን ለማስተካከል ኮምፓስ እንኳ አያስፈልግም። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ፣ የካርታው ሐይቅ በእውነተኛው ሐይቅ በኩል እስኪሆን ወረቀቱን አዙሩት። ጽሑፉ ቢዘቀዘቅም ግድ የለም። መንገደኛ ጠይቃችሁ "ወደ ላይ ውጣ" ካላችሁ ግን ሰሜን ማለቱ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ።

በጥላ የምትመሩም ተጠንቀቁ። ቀትር ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል የሚባለው ምክር እዚህ በበጋ ብቻ ነው የሚሠራው። ሀዋሳ 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ጥላውም ወደ ደቡብ ይሆናል።

ችግር፦ በካርታው የለካሁት ርቀት ተሄዶ ተሄዶ አያልቅም።
ቅድሚያ ፎቶ ኮፒውን ጠርጥሩ። 1፡50,000 በሆነ ካርታ 2 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ኮፒ ቤቱ ከኤ3 ወደ ኤ4 ካሳነሰው ግን ቁጥሩ እንደተጻፈ ይቀርና እውነቱ ወደ 1፡70,000 ይሄዳል። ካርታው ላይ የተሰመረውን የአንድ ኪሎ ሜትር ሳጥን ጎን በማስመሪያ ለኩት፤ 1.4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተጠርጣሪው ተይዟል። ከግርጌ ያለው የስኬል መስመር አብሮ ስለሚያንስ በእሱ ለኩ። ሳጥኑ ልክ ከሆነ ደግሞ የዳገቱና የመጠማዘዣው ነገር ነው።

ችግር፦ አቅጣጫውን አውቃለሁ፣ ያለሁበት ግን ጠፋኝ።
የታቦርንና የአላሙራን ተራሮች በየተራ በኮምፓስ አነጣጥሩ። ከየንባቡ 180 ደምሩ ወይም ቀንሱ፤ በዚያ ዲግሪ ካርታው ላይ ከየተራራው መስመር አስምሩ፤ መስመሮቹ የተገናኙበት እናንተ ናችሁ። ከከተማው በስተሰሜን ካለው ጥቁር ውሃ በኩል ስታዩ ግን ሁለቱም ወደ ደቡብ ስለሚሆኑ መስመሮቹ ተጠጋግተው ስህተቱ ይሰፋል። እዚያ አንዱን ተራራ ብቻ ያዙ፤ የቆማችሁበት አስፋልት ሁለተኛው መስመር ይሁን። ኮምፓሱ ከተወዛገበ ከመኪናው ራቁ፣ ስልኩንም ከኮምፓሱ አርቁ።

ችግር፦ ካርታው የማያውቀው ነገር ፊት ለፊት ተገትሯል።
የካርታውን ዘመን ተመልከቱ። ከ2008 በፊት የታተመ ካርታ ኢንዱስትሪ ፓርኩን አያሳይም። ዳርቻውንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው እንደ ዝናቡ ይሞላል፣ ይሸሻል። ተራሮቹ ግን የትም አይሄዱም።

ችግር፦ ከስልክ የቀዳሁት ነጥብ ሌላ ቦታ ወደቀ።
የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (ቦታዎች የሚለኩበት የመነሻ መሠረት) ነው፤ ስልክ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ይሠራል። በሁለቱ መካከል ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ይዛነፋል። የዳተሙ ስም ካርታው ጠርዝ ላይ ተጽፏል፤ መተግበሪያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ወደዚያው ቀይሩት። ካልፈቀደ የስልኩን ነጥብ ለሰፈር መለያ እንጂ ለመታጠፊያ አትጠቀሙበት።