ከመኪናው ጋር የሚታሰር ሸራ ወይስ ለብቻው የሚቆም ድንኳን?

ሚኒባሳችሁን ማደሪያ አድርጋችሁ ከጅማ ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አስቡ፦ ካረፋችሁ በኋላ መኪናውን ታንቀሳቅሱታላችሁ? በየቀኑ ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ ጣሪያው ጎን ላይ የሚታሰረው ተጠቅላይ ሸራ ይበቃል፤ ቶሎ ይዘረጋል፣ ቶሎ ይጠቀለላል። አንድ ቦታ ሰንብታችሁ ቀን ቀን በመኪናው የምትዞሩ ከሆነ ግን ድንኳኑ ይሻላል፤ ሸራው ከመኪናው ጋር ስለተያያዘ ለመንቀሳቀስ ባሰባችሁ ቁጥር መጠቅለል አለባችሁ፣ ያውም እርጥቡን።

የጅማ ዝናብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የጨርቁ ውሃ የመቋቋም አቅም በሚሊ ሜትር ይጻፋል (ሳያንጠባጥብ የሚሸከመው የውሃ ቁመት ማለት ነው)፤ እኔ ከ3000 በታች የሆነውን አልመክርም። ስፌቱ በቴፕ መታሸጉንም እዩ። ሸራውን ስትዘረጉ አንዱን ጥግ ዝቅ አድርጉት፣ ውሃ ካቆረ ክብደቱ ምሰሶውን ያጎብጠዋል። ነፋስ ሲበረታ ጠቅልሉት። ጭቃ አጭር ካስማ አይዝም፣ ረጃጅሙን ያዙ።

ደግሞ አደራ፣ ለቡና ብላችሁ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።