በጎጃም ክረምት ለረጅም ርቀት ትራያትሎን ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ውድድር ነው። ሙሉው ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ ግማሹ 1.9፣ 90 እና 21.1። ሥራ እየሠራ የሚለማመድ ሰው ለዚህ ቢያንስ አምስት ወር ያስፈልገዋል። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው የተሠሩ ስለሆኑ ረጅሙን ብስክሌትና የሐይቅ ዋናውን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይከምሩታል። እነሱ ዘንድ ያኔ ፀሐይ ነው። ባሕር ዳር ግን በዓመት ከሚዘንብላት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ከግማሽ በላዩን የምታገኘው በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ያንን ፕሮግራም እንዳለ ጎጃም ላይ ከመጫን ነው።

ረጅሙን ብስክሌት ሐምሌ ላይ ማስቀመጥ

በክረምት ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ብዙውን ቀን መንዳት ይቻላል፤ የአምስትና የስድስት ሰዓት ጉዞ ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። ጉዞውን በግድ ለማስገባት የሚሞክር ሰው መጨረሻውን በነጎድጓድ ውስጥ ይነዳል።

የሚሻለው መክፈል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከባሕር ዳር ወደ መራዊ አቅጣጫ ነድቶ መመለስ፣ ማታ ደግሞ ቤት ውስጥ ትሬነር (ብስክሌቱን ባለበት አቁሞ የሚያስነዳ መሣሪያ) ላይ 75 ደቂቃ መጨመር፣ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል መድገም። እግር ሳያገግም እንደገና መንዳት የረጅሙን ጉዞ ጥቅም በአብዛኛው ይሰጣል። የአምስት ሰዓቶቹን ጉዞዎች ውድድሩ ኅዳር ላይ ከሆነ ወደ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት፣ ነሐሴ ላይ ከሆነ ወደ ሚያዝያና ግንቦት መውሰድ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሩዋንዳ ሩባቩ ላይ የተጀመረው የግማሽ ርቀት ውድድር ለምሳሌ የተካሄደው በእነሱ ኦገስት፣ በእኛ ነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ነበር።

ትሬነር ሲገዛ መብራት የማይፈልገውን፣ በማግኔት ወይም በፈሳሽ የሚከብደውን መምረጥ ይሻላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፕሮግራሙ አብሮ አይጠፋም። ክረምቱን ለጉልበት ማዋል ነው፦ መጀመሪያ 12 ደቂቃ ጠንከር ብሎ መንዳት ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ 4 ደቂቃ ዕረፍት፤ ከአራት ሳምንት በኋላ 20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። መስኮት ይከፈት። ነፋስ በሌለበት ክፍል የልብ ምት ያለ ምክንያት ይወጣል፤ የሚንጠባጠበው ላብም ብሎኖቹን ስለሚያዝግ መሪው ላይ ፎጣ ጣል ይደረግ።

ከከተማ ከመውጣት በፊት መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን በዚያ ቀን መጠየቅም የልምምዱ አካል ነው። የትናንት ወሬ አይበቃም።

ሩጫን አስቀድሞ ብስክሌቱን ለመጓጓዣ መተው

አገራችን የሯጮች አገር ስለሆነች ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ሩጫውን ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ሙሉውን ርቀት በ13 ሰዓት የሚጨርስ ሰው ዋናው 1፡25፣ ብስክሌቱ 6፡50፣ ሩጫው 4፡30፣ ልብስና ጫማ መቀየሩ 15 ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። ከግማሽ በላዩ ኮርቻ ላይ ያልፋል ማለት ነው። ማራቶን በሦስት ሰዓት የሚሮጥ ሰው በብስክሌት ዝግጁ ካልሆነ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲራመድ ይታያል።

በሳምንት ሦስት ብስክሌት፣ ሦስት ሩጫ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዋና ይበቃል። ረጅሙ ሩጫ ከሁለት ሰዓት ተኩል አይለፍ። ከብስክሌት እንደወረዱ 20 ደቂቃ መሮጥን በሳምንት አንዴ አትዝለሉት። አብዛኛው ልምምድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በሚያስችል ፍጥነት ይሁን፤ በየአራተኛው ሳምንት ሰዓቱን በአንድ ሦስተኛ መቀነስ ነው።

የሚሮጥበት መሬትም ይመረጥ። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ቦታ የሚገኘው ዋልካ አፈር ከጫማ ሥር ተጣብቆ ክብደቱን እጥፍ ያደርገዋል፤ ቁርጭምጭሚትም ይጠመዝዛል። በመራዊ በኩል ያለው ቀይ አፈር አይጣበቅም፣ ግን ያንሸራትታል። በዝናብ ማግሥት ጠጠር መንገድ ወይም የአስፋልት ጠርዝ ይሻላል፤ አስፋልቱ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል በሄዱበት ጎን መመለስ አንዱን እግር ከመጉዳት ያድናል። የራሰ ጫማ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፣ ማጣበቂያው ይለቃል፤ ጋዜጣ ጎስጉሶ በየሁለት ሰዓቱ መቀየር ይበቃል።

የሜዳ አገር ፍጥነትን መከተል

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በፕሮግራሙ ላይ «በዚህ ፍጥነት ሩጥ» የሚለው ቁጥር ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለካ ከሆነ እዚህ ቀላሉ ልምምድ ከባድ ይሆናል። ቁጥሩን ትቶ እዚሁ በተለካ የልብ ምት መሄድ ነው።

ጣናን እንደ ገንዳ መቁጠር

ብዙ ችግር ያለው እዚህ ነው። በክረምት ወንዞቹ ደለል ስለሚያመጡ ውሃው ቡናማ ይሆናል፤ የተዘረጋ እጅ ጣቱ አይታይም። ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግሥት የከተማው ጎርፍ ከነቆሻሻው ሐይቁ ውስጥ ነው፤ ያኔ የዋኘ ሰው በጆሮና በሆድ ሕመም ሊከፍል ይችላል። ቢያንስ ሦስት ቀን ጠብቁ።

ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በደንገሉ ጥግ ይኖራል። ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ዋናተኛውም «ሐይቁ ጸጥ ያለበት ሰዓት» ብሎ የሚገባው ያኔ ነው። በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ከሁሉ የከፋ ነው። ዳር ዳሩን አትዋኙ። ጀልባ ነጂዎቹ ጉማሬው የዚያን ሰሞን የት እንደሚውል ያውቃሉና ጠይቋቸው፤ ጀልባ ይዞ ከደንገሉ ርቆ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ደማቅ ቆብና ከወገብ የሚታሰር ተንሳፋፊ ይዞ መግባት ነው። ብቻውን የሚገባ ሰው ካለ ሌላውን ምክር ሁሉ ባይሰማም ይህችን ይስማ።

ሦስተኛው ቢልሃርዚያ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ባልቆሰለ ቆዳም ይገባል። የሚበዛው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ዳርቻ፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው። ከጀልባ ላይ ወደ ጥልቁ መግባት አደጋውን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም፤ በፎጣ ቶሎ መጥረግንም መተማመኛ አታድርጉት። ከዋናው በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ይገባል። ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑን ሐኪም በክብደት ያዝዛል።

ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ያስነሳል። ነጎድጓድ ከተሰማ ወዲያው መውጣት፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አለመመለስ።

ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ በሆቴል ገንዳ መዋኘት፣ ሐይቁን ለግንቦትና ለጥቅምት መተው ይሻላል። የገንዳውም ስህተት አለ። ርዝመቱን በሜትር ሳይለኩ 25 ብሎ መቁጠር የተለመደ ነው። በ20 ሜትር ገንዳ 3,800 ሜትር ማለት ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር 190 ጊዜ ማቋረጥ ነው፤ ግድግዳውን በእግር በገፉ ቁጥር የሚገኘው ነጻ ጉዞና ትንሽ ዕረፍት ሐይቅ ላይ የለም። በሳምንት አንዴ ቢያንስ 400 ሜትር ግድግዳውን ሳይነኩ እየዞሩ ዋኙ፤ በየስምንት ቅዝፊያው ዓይንን ከውሃ በላይ አውጥቶ አንድ ምልክት ማየትንም አብራችሁ ተለማመዱ።

ጭቃ የነካውን ብስክሌት ላቫጆ መውሰድ

የላቫጆ ውሃ በኃይል ስለሚረጭ ግሪሱን ከኩሽኔታ ውስጥ አጥቦ አሸዋ ይተካበታል። ከሳምንታት በኋላ ጎማው ሲዞር ይንኳኳል። ባልዲ፣ ሳሙናና ብሩሽ በቂ ነው። ሰንሰለቱን ላምባ በነካ ጨርቅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ከላይ የቀረውን መጥረግ። ያገለገለ የሞተር ዘይት መቀባት ርካሽ ይመስላል፤ አቧራውንና ጭቃውን ግን ይዞ የማርሹን ጥርስ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የሰንሰለት መርዘም በማስመሪያ ይለካል። ከአንድ ፒን መሐል ተነስቶ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሐል ድረስ አዲስ ሲሆን 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.65 ከደረሰ ሰንሰለቱን ቀይሩ፤ ካለፈ ማርሹም አብሮ ይሄዳል፣ ማርሽ ደግሞ ከሰንሰለት ይወደዳል።

ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ስለሚያሟልጭ ስባሪ ጠርሙስና ሹል ጠጠር ጎማን በቀላሉ ይቆርጣል። ከጉዞ በኋላ ጎማውን በእጅ እየዳሰሱ የተሰካውን በመርፌ ማውጣት ነው። ለ25 ሚሊ ሜትር ጎማና ለ70 ኪሎ ሰው በደረቅ ጊዜ ከ80 እስከ 85 ፒኤስአይ ከተሞላ፣ በዝናብ ከ5 እስከ 10 መቀነስ ጎማው መንገዱን እንዲይዝ ይረዳል። ቀጭን ቫልቭ ያለው ጎማ የጎሚስታውን ኮምፕሬሰር አይቀበልም፤ ትንሿን የናስ መቀየሪያ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ነው። ሁለት የውስጥ ጎማ ያዙ፣ አንድ አይበቃም። በውሃ የተሸፈነ ነገር ሁሉ ጉድጓድ ነው ብላችሁ ንዱ፤ ከተማ ውስጥ ባጃጅ፣ ከከተማ ውጭ በገበያ ቀን ከብትና ጋሪ እንዳለ አስቡ።

ዓባይ በረሃን በክረምት መሞከር

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ለጉልበት የሚሆን እንዲህ ያለ ዳገት በአገሩ ጥቂት ነው፣ ያጓጓል። በክረምት ግን ደጀን ላይ ጉም፣ ታች ድልድዩ ጋ ሙቀት፣ በመካከሉ የተንሸራተተ ድንጋይና ፍሬኑን እያቃጠለ የሚወርድ ሲኖትራክ ነው። ለጥቅምት ይቆይ። ያኔም ቢሆን ፍሬንን ያለማቋረጥ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን አግሎ የውስጥ ጎማውን ያፈነዳል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ ይገባል። ለቁልቁለቱ ብርድ ጋዜጣ ደረት ላይ፣ ፌስታል በካልሲ ላይ በቂ ነው፤ ታች ሲደርሱ ማውለቅ ነው።

ስለበረደ አለመጠጣት

ዝናብ ላይ ጥም አይሰማም፣ ላብ ግን አይቆምም። ከልምምድ በፊትና በኋላ ያለ ልብስ ተመዘኑ፤ የጠፋው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ነው። የ70 ኪሎ ሰው ከ1.4 ኪሎ በላይ ከቀነሰ ሳይጠጣ ሠርቷል።

የተገዛ የስፖርት መጠጥ የግድ አይደለም። በ750 ሚሊ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨውና የሎሚ ጭማቂ ቢበጠበጥ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና 600 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይገኛል። በሰዓት አንድ እንዲህ ያለ ጠርሙስና አንድ ሙዝ ሲደመር 75 ግራም አካባቢ ነው፤ ለብስክሌቱ የሚፈለገው ይኸው ነው። ሆድ ይህን እስኪለምድ ሳምንታት ስለሚወስድበት በ40 ግራም ጀምሩ። በሶ ከጉዞ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ጭብጦም ቀስ ተብሎ በሚነዳበት ቀን ጥሩ ነው። በጠንካራው ልምምድ መካከል ግን ገለባው ሆድ ላይ ይቆያል።

ፍልሰታን በፕሮግራሙ ላይ አለማየት

ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነድቶ ሌላ አምስት ሰዓት ያለ ውሃ ቢቆይ ልምምዱ ያፈርሰዋል እንጂ አይገነባውም። እነዚህን ሁለት ሳምንታት የማገገሚያ ማድረግ ነው፤ የዕለቱን ልምምድ ከ60 ደቂቃ ሳያስበልጡ ከ7፡30 በኋላ ጀምሮ ምግብ በሚቀመስበት ሰዓት መጨረስ። የፕሮቲኑ ነገር ያን ያህል አያስጨንቅም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍና ለውዝ በሁለት ማዕድ ከቀረቡ ይሠራሉ፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የጠቅላላው ምግብ መጠን ነው።

ትኩሳትን የልምምድ ድካም ማለት

ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በባሕር ዳርና በቆላው ወባ ይበረታል፤ ለኅዳር ውድድር የሚዘጋጅ ሰውም ልምምዱ የሚከብደው ያኔ ነው። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሁለቱንም ይመስላል። የልምምድ ድካም ግን 38 ዲግሪ አያተኩስም። ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ማድረግና ልምምዱን ማቆም ነው። መድኃኒቱ አልቆ ትኩሳቱ ቢጠፋም የደም ማነስ ሊቀር ስለሚችል የመጀመሪያው ሳምንት በእግር ጉዞና በ30 ደቂቃ ቀላል ብስክሌት ይለፍ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የሚለካው የልብ ምት ወደ ቀድሞው እስኪመለስ ሩጫ አይጀመር።