ካርባይድ እንደ መሮ አይሳልም፦ ቤት ውስጥ ስንስል የምናጠፋቸው ነገሮች

ጅማ ውስጥ አናጢነት የለመደ ሰው እጁ የሚያውቀው ብረት ነው። የዋንዛ በርጩማ የሚፈለፈልበትን መሮ ድንጋይ ላይ እያሸ ነው ያደገው። ኤምዲኤፍና ቺፑድ ሲበዛ ግን የእንጨት ጠርዝ ላይ ቅርጽ የሚያወጣው የራውተር ማሽን ቢትና ክብ መጋዝ ገቡ፤ የእነሱ ስለት ደግሞ ካርባይድ የሚባል፣ ከብረት የጠነከረ ነገር ነው። ሲዶለዱም ለማሳል ብሎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ መላክ ስለሚከብድ ቤት እንሞክራለን። የምናበላሸውም የብረቱን ልማድ ይዘን ስለምንነሳ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሳያጸዱ መሳል ነው። ዶለዶመ ያልነው ቢት ብዙ ጊዜ ሙጫ የለበሰ ነው፤ በተለይ በክረምት በቅጡ ሳይደርቅ የመጣ እንጨት ሲቆረጥበት። ላምባ በነካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ ከእሳት ራቅ ብላችሁ። ኩሽኔታ ካለው ግን አስቀድማችሁ ፍቱት፤ ላምባ ውስጥ ከገባ ቅባቱ ታጥቦ ይወጣና ብዙም ሳይቆይ መጮኽ ይጀምራል። ካጸዳችሁ በኋላ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት። አንዳንዴ ሥራው እዚያው ያልቃል።

ሁለተኛው ተራ ድንጋይ መጠቀም። ካርባይድ በኮባልት የተያያዘ የቱንግስተን ካርባይድ ቅንጣት ነው። የጀርመኑ ክሩፕ በ1920ዎቹ ሲያወጣው «ዊዲያ» ያለው «እንደ አልማዝ» ለማለት ነው። የግራይንደሩ ግራጫ ድንጋይ መሮ ይስላል እንጂ ይህን አይችለውም፤ ድንጋዩ ያልቃል፣ ካርባይዱ ይግላል። አረንጓዴው ድንጋይ ይነካዋል፤ ግን ስለቱን ሻካራ አድርጎ ይተወዋል። የሚያስፈልገው የአልማዝ ሰሌዳ ነው፦ ስለቱ ከተጎዳ ቁጥር 400 በሆነው ጀምሮ በ600፣ ከዚያ በ1000 መጨረስ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሰሌዳው ይለዝባል። ሰሌዳውን ውሃ እያስነኩ።

ውሃ ካልን፣ እኔን ያስከፈለኝ ሦስተኛው ነው። መሮ ሲግል ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ ከልጅነቴ የያዝኩት ልማድ ነው፤ ብረቱ እንዳይለሰልስ። አንድ ቀን በግራይንደር ያጋልኩትን ቢት እንዲሁ ነከርኩት። ምንም አልታየኝም። በማግስቱ እንጨት ሲነካ ጥርሱ ጥግ ላይ ተሸረፈ፤ ስንጥቁ የመጣው ከውሃው ነበር። ካርባይድ በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን ግማሽ ያህል ነው፤ የተበየደው ግን ብረት ላይ ነው። ድንገት ሲቀዘቅዝ አንዱ በኃይል ይኮማተራል፣ ሌላው ይቀራል፣ መሃል ያለው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእርጥብ ሳሉ፣ ወይ ደረቁን ሳሉና በራሱ ይቀዝቅዝ። በእጅ ሰሌዳ ላይ ከሆነ ነገሩ መጀመሪያውኑ አይግልም።

አራተኛው የራውተር ቢትን ቅርጹ ላይ መሳል። ዓይን የሚስበው ያ ጎበጥ ያለው ጠርዝ ነው፤ እሱን ግን አትንኩ። ከነካችሁት የሚያወጣው ቅርጽ ይለወጣል፣ ከኩሽኔታውም ጋር ልኩ ይፋለሳል። የሚሳለው ከፊት ያለው ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው። ገጹን ሰሌዳው ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኙት፣ ሳታዘነብሉ። አንዱን ጎን አሥር ጊዜ ካሻችሁ ሌላውንም አሥር፤ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፣ ሰው ቢስቅም። ከተበላለጡ አንዱ ጥርስ ብቻ ይሠራል፣ ማሽኑም ይንቀጠቀጣል።

ክብ መጋዝ ላይ እጅ አጭር ነው። በግራይንደር ጥርስ በጥርስ የሚስሉ አሉ፤ ጥርሶቹ ከፍና ዝቅ ይሉና ቆረጣው ይቃጠላል፤ ብየዳው ከጋለ ደግሞ ጥርሱ ሲሽከረከር ተነቅሎ ይበራል። የአልማዝ ዲስኩም የመጋዙን ብረት በነካ ቁጥር ይበላሻል። ቤት ከተሠራ መጋዙን ከማሽኑ አውጥቶ የጥርሱን ፊት በእጅ ሰሌዳ ሁለት ሦስቴ መንካት ይበቃል፤ መነሻውን ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጉበት። ጥርስ የጎደለውን ግን አትሳሉት፤ መልሳችሁም አትግጠሙት።

አቧራውን የሚንቅ ብዙ ነው። ኮባልት ያለበት ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ በጨርቅ አፍ መሸፈን አይበቃም፣ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ አድርጉ። በእርጥብ መሳል እዚህም ይጠቅማል። የቀረውን ጭቃ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉት። ደግሞ በረንዳ ላይ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ረከቦቱ አጠገብ አትሳሉ።