ኤንጂንኤክስ ላይ የፕሮክሲ በፈር አስተካከል፦ 502 እንዳይመጣ፣ ራምም እንዳያልቅ

ሎጊን ያደረገ ዩዘር ላይ ብቻ 502 (ባድ ጌትዌይ የሚለው ኤረር) እየመጣ ሎጊን ያላደረገው ሰላም ከሆነ ባክኤንዱን (ከኋላ ያለውን አፕ) ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ከፊቱ ፕሮክሲ ሆኖ የቆመውን የኤንጂንኤክስን ኤረር ሎግ ክፈቱ። «አፕስትሪም ሴንት ቱ ቢግ ሄደር» የሚል መስመር ካገኛችሁ ባክኤንዱ ምንም አልሆነም፣ መልሱንም በትክክል ልኳል፣ የመልሱ ሄደር (ከዋናው ይዘት በፊት የሚመጣው፣ ኩኪም ያለበት ክፍል) ግን ኤንጂንኤክስ ካዘጋጀለት ቦታ ማለትም ከበፈሩ በልጧል ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በብዛት የምታገኙት መፍትሄ ፕሮክሲ_በፈር_ሳይዝ 128ኬ (ኪሎባይት)፣ ፕሮክሲ_በፈርስ 4 256ኬ (ማለትም 4 ባለ 256ኬ) አድርጉ የሚለው ነው፣ አዎ 502ው ይጠፋል፣ ግን ያ ቁጥር በአንዴ በሚስተናገደው ሪኩዌስት ሁሉ እንደሚባዛ የሚነግራችሁ የለም፣ ትራፊክ ሲበዛ ሰርቨሩ ራም ጨርሶ ይወድቃል። ስለዚህ ለክታችሁ አስተካክሉ፣ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

መጀመሪያ በፈሩ ምን እንደሚሰራ ይግባን። ጉኒኮርን (የፓይተን አፕ ሰርቨር) ከሆነ ባክኤንዳችሁ ወርከሮቹ፣ ማለትም ሪኩዌስት የሚያስተናግዱት ፕሮሰሶች፣ ጥቂት ናቸው። ደንበኛው በደካማ የሞባይል ዳታ መልሱን ቀስ እያለ ሲጎትት አንድ ወርከር እሱን ይዞ እንዳይቆም ኤንጂንኤክስ መልሱን ቶሎ ተቀብሎ ያስቀምጥና ወርከሩን ይለቀዋል፣ ከዛ ለደንበኛው በራሱ ፍጥነት ያደርስለታል። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ለዛም ነው ፕሮክሲ_በፈሪንግ ሳትነኩት ኦን ሆኖ የሚመጣው።

የሚስተካከሉት ሶስት ናቸው። ፕሮክሲ_በፈር_ሳይዝ የመልሱን መጀመሪያ ማለትም ሄደሩን የሚይዝ ነው፣ ዲፎልቱ አንድ የሚሞሪ ፔጅ፣ አብዛኛው ሰርቨር ላይ 4ኬ። ፕሮክሲ_በፈርስ የቀረውን መልስ ይይዛል፣ ዲፎልቱ 8 ባለ 4ኬ። ፕሮክሲ_ቢዚ_በፈርስ_ሳይዝ ደሞ መልሱ ገና ሳያልቅ ወደ ደንበኛው በመላክ ላይ ሊሆን የሚችለውን መጠን ይገድባል።

አሁን ሄደሩን ለኩ። ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ በከርል (ከተርሚናል ሪኩዌስት የሚልክ ቱል) ፕሮክሲውን ዘላችሁ በቀጥታ ወደ ባክኤንዱ ፖርት ሪኩዌስት ላኩ፣ የከርል ራይት አውት ላይ ሳይዝ_ሄደር የሚለው ቫሪያብል መጠኑን በባይት ያወጣላችኋል። እዚጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፣ ሆም ፔጁን ለክቶ «ትንሽ ነው» ይላል፣ ትልቁ ሄደር ግን የሚመጣው ሎጊን ተሳክቶ ኩኪ በሚሰጥበት መልስ ላይ ነው፣ እሱን ነው መለካት ያለባችሁ። ለምሳሌ 9000 ባይት ከሆነ 16ኬ ይበቃችኋል፣ 128ኬ ምንም አያደርግላችሁም።

16ኬ ብላችሁ ፕሮክሲ_በፈር_ሳይዝን ብቻ ከቀየራችሁ ግን ኮንፊግ ቴስቱ እምቢ ይላል፣ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቁጥሩን ዝም ብሎ የሚያሳድገው እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፣ ቢዚውን (ፕሮክሲ_ቢዚ_በፈርስ_ሳይዝን) እናንተ ካልጻፋችሁት ኤንጂንኤክስ የትልቁን በፈር እጥፍ ይወስዳል፣ 16 ሲታጠፍ 32ኬ። ህጉ ደሞ ቢዚው ከፕሮክሲ_በፈርስ ጠቅላላ አንድ በፈር ተቀንሶ ከሚቀረው መብለጥ የለበትም ይላል፣ ዲፎልቱ 8 ባለ 4ኬ ስለሆነ ጠቅላላው 32፣ አንዱ ሲቀነስ 28ኬ፣ 32 ደግሞ ከ28 ይበልጣል። ስለዚህ አብራችሁ ፕሮክሲ_በፈርስን 8 16ኬ፣ ቢዚውን 32ኬ አድርጉት፣ ያልፋል። ወይም መልሶቻችሁ ትንንሽ ከሆኑ ፕሮክሲ_በፈርስን ሳትነኩ ቢዚውን 16ኬ ብላችሁ ጻፉ፣ እሱም ያልፋል፣ ራምም ይቆጥባል።

ከዛ ሂሳቡ። 16ኬ ሲደመር 8 ጊዜ 16ኬ፣ 144ኬ በአንድ ሪኩዌስት፣ በአንዴ 1000 ሪኩዌስት ቢኖር 140 ሜጋ አካባቢ። ያ ከላይ ያልኩት ኮፒ ፔስት ግን 128 ሲደመር 4 ጊዜ 256፣ 1152ኬ ነው፣ በ1000 ሲባዛ 1.1 ጊጋ ይሆናል። 2 ጊጋ ራም ያለው ቪፒኤስ (የኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ ዳታቤዝም አብሮ ካለ አስቡት። እርግጥ የፕሮክሲ_በፈርሶቹ እንዳስፈላጊነቱ ነው የሚያዙት፣ ትንሽ መልስ ሁሉንም አይበላም፣ ግን ሰርቨር የሚወድቀው በክፉ ቀን ስለሆነ ሂሳቡን በክፉ ቀን ስሩት። ስንት ሪኩዌስት እንዳላችሁ ለማወቅ ስታብ_ስታተስን (የኤንጂንኤክስን የኮኔክሽን ቁጥሮች የሚያሳየውን ገጽ) ከፍታችሁ ራይቲንግ የሚለውን ቁጥር እዩ፣ አክቲቭ የሚለው ስራ ፈተው የተቀመጡ ኮኔክሽኖችንም ስለሚቆጥር ያሳስታችኋል።

መልሱ ከበፈሮቹ ከበለጠ የቀረው ዲስክ ላይ ቴምፖራሪ ፋይል ሆኖ ይጻፋል፣ ለአንድ ሪኩዌስት እስከ 1024 ሜጋ። ይሄን የሚናገረው የሎግ መስመር ዋርን ሌቭል ነው፣ ኤረር_ሎጋችሁ ላይ ሌቭል ካልጻፋችሁ ከኤረር በታች ያለው አይታይም፣ ስለዚህ ዋርን አድርጉትና ለጥቂት ቀን ተከታተሉ። አልፎ አልፎ ከመጣ ተዉት፣ ዲስክ ላይ መጻፉ በራሱ ጥፋት አደለም። የተለመዱት የኤፒአይ መልሶች ላይ ሁሉ ከመጣ ግን የበፈሮቹን ብዛት ጨምሩ። ትልልቅ ፋይል በባክኤንድ በኩል የምታወርዱ ከሆነ ዲስኩ ሊሞላ ስለሚችል ፕሮክሲ_ማክስ_ቴምፕ_ፋይል_ሳይዝን ዝቅ አድርጉ። ዜሮ ማድረግም ይቻላል፣ ያኔ ግን ደንበኛው እስኪጨርስ ወርከሩ ይያዛል፣ ያንን አውቃችሁ ግቡበት።

መልሱ በየቃሉ እየተንጠባጠበ መምጣት ያለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ የኤአይ ቻት ወይ ሰርቨር ሰንት ኢቬንት (ሰርቨሩ በተከፈተ ኮኔክሽን ላይ እየቆየ የሚልከው መልእክት)፣ በፈሩ ቃላቱን እያጠራቀመ ያዘገይባችኋል። ለዛ ሎኬሽን (ኮንፊጉ ላይ ለዛ አድራሻ ለተጻፈው ክፍል) ብቻ ፕሮክሲ_በፈሪንግን ኦፍ አድርጉ፣ ወይም ባክኤንዱ ራሱ ኤክስ አክሴል በፈሪንግ የሚለውን ሄደር ኖ ብሎ ይላክ፣ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ ምክንያቱም የትኛው መልስ ስትሪም እንደሆነ የሚያውቀው አፑ ነው። በጭራሽ ለሰርቨሩ በሙሉ ኦፍ እንዳታደርጉት፣ ፕሮክሲ ካሹም አብሮ ይጠፋል።

በኤንጂንኤክስ ፈንታ ኤችኤፕሮክሲ የሚባለውን ፕሮክሲ ለምትጠቀሙ፣ እዛ ያለው ቱን.በፍሳይዝ ነው፣ ዲፎልቱ 16384 ባይት፣ ሄደሩ ከዛ ላይ ቱን.ማክስሪራይት (ሄደር ለመቀየር የሚተወው ቦታ) ተቀንሶለት ካልገባ እሱም 502 ይመልሳል። ቁጥሩ ለፕሮሰሱ በሙሉ ስለሆነ ስታሳድጉት ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ሄደሩ 16ኬን ካለፈ በፈር ከመጨመር በፊት ኩኪውን እዩት። ብሮውዘር አንድ ኩኪ እስከ 4096 ባይት አካባቢ ነው የሚቀበለው፣ ስለዚህ አንዳንድ የሎጊን ሶፍትዌር ቶክኑን (የሎጊን ማረጋገጫውን) ቆራርጦ በብዙ ኩኪ ይልካል። በሚቀጥለው ሪኩዌስት ብሮውዘሩ ያንን ሁሉ መልሶ ይልከዋል፣ ያኔ ደሞ የላርጅ_ክላየንት_ሄደር_በፈርስ (ከብሮውዘሩ የሚመጣውን ሄደር የሚይዘው) ገደብ፣ ዲፎልቱ 4 ባለ 8ኬ፣ ይመታችሁና 502 የነበረው 400 ሆኖ ይመጣል። ሴሽኑን ሬዲስ (ሚሞሪ ላይ የሚሰራ ዳታቤዝ) ላይ አስቀምጣችሁ ኩኪው ውስጥ አይዲ ብቻ መተው የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቀይራችሁ ሪሎድ ስታደርጉ አሮጌዎቹ የኤንጂንኤክስ ወርከሮች የያዙትን ኮኔክሽን እስኪጨርሱ ከአዲሶቹ ጋር አብረው ይቆያሉ፣ ለተወሰነ ጊዜ ራሙ ከፍ ብሎ ብታዩት አትደንግጡ፣ አሮጌዎቹ ከወጡ በኋላ ያለውን ቁጥር ነው ማየት ያለባችሁ።