የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ሆድ ውስጥ ያለውን ነጭ እንዴት እንደምንለይ

ጎንደር ላይ ማዕድን መሰብሰብ ለጀመረ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእግራችን ስር ያለው ባዛልት ነው፤ ጥቁር ድንጋይ የምንለው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። ሲረጋ በውስጡ የነበረው ጋዝ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ ቀዳዳ አድርጎታል። በኋላ ውሃ እየሰረገ ብዙዎቹን ቀዳዳዎች በነጭ ማዕድን ሞላቸው። የምንፈልገው ያንን ነጭ ነው።

ቦታ። ጥሩው የድንጋይ ካባ ነው፤ አስፈቅዳችሁ ግቡ። ሠራተኞቹ "ወርቅ ነው እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም። አሳዩአቸው፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ እነሱ ራሳቸው ያቀብሏችኋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ የአንገረብና የቀሃ ዳር ጥሩ ነው፤ ክረምቱ አጥቦ አዲስ ድንጋይ ያወጣል። ሐምሌ ላይ ወንዝ ውስጥ አትግቡ። የፋሲል ግቢ ድንጋይና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አይነኩም።

ዕቃ። የጠራቢ መዶሻ፣ መሮ፣ ጋዜጣ፣ ሚስማር፣ ትንሽ አጉሊ መነጽር። ከውጭ የሚመጣው ውድ መዶሻ ለጀማሪ ትርፍ ነው። የአናጢ መዶሻ ግን አይሆንም፤ ጫፉ ተሰብሮ ሊፈናጠር ይችላል። የዓይን መከላከያ የግድ ነው። ስትሰብሩ ነጩን አትምቱ፣ ከሱ አንድ መዳፍ ርቃችሁ ጥቁሩን ምቱ።

መለየት። ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ነጭ ሁሉ ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ካልሳይት፣ ዚዮላይት፣ ኳርትዝ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በዓይኔ ብቻ ነበር የምፈርደው። አንድ ቀን አውራ ጣት የሚያክል ጥርት ያለ ክሪስታል አገኘሁና "ኳርትዝ ነው" ብዬ ደመደምኩ። ላዩ ላይ ዝገት የመሰለ ቆሻሻ ስለነበረበት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ተበልቶ፣ ጠርዙ ሟሙቶ፣ የተላሰ ከረሜላ መስሏል። ካልሳይት ነበር። ሳትለዩ በውሃና በጥርስ ብሩሽ እንጂ በሌላ ነገር አትጠቡ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሚስማሩን ጫን አድርጌ እስባለሁ። መስመር ስታዩ "ተቧጨረ!" ብላችሁ አትቸኩሉ። ጣታችሁን አርሳችሁ ጥረጉት። መስመሩ ከጠፋ የተፋቀው ሚስማሩ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ብረቱን ትቶ ነው። ካልጠፋና ጥፍራችሁን ስትጎትቱበት የሚይዝ ከሆነ ድንጋዩ ተቧጭሯል። ይቺን ለማወቅ ስንት ወር እንደፈጀብኝ ባልነግራችሁ ይሻላል።

ካልሳይት በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ (ከ1 እስከ 10 ነው፣ 10 በጣም ጠንካራው) 3 ስለሆነ ሚስማር በቀላሉ ይቧጭረዋል። ኳርትዝ 7 ነው፤ ሚስማር ምንም አያደርገውም፣ እንዲያውም እሱ ጠርሙስ ይቧጭራል። (ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ እንጂ በእጃችሁ አትያዙ።) ዚዮላይቶች መሃል ላይ ናቸው፣ አብዛኞቹ ከ3.5 እስከ 5.5። ስለዚህ ለስላሳው ዚዮላይት ካልሳይት ሊመስላችሁ ይችላል። እዚህ ጋ አቼቶው ይመጣል፣ ግን በጠብታ። የተቧጨረውን ዱቄት ሰብስባችሁ አንድ ጠብታ አድርጉና በአጉሊ መነጽር እዩ። ካልሳይት ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፤ ዚዮላይት ዝም ይላል። ሙሉው ድንጋይ ላይ ብታንጠባጥቡ አረፋው ስለሚያንስ ያሳስታችኋል።

እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ካያችሁ ዚዮላይት ሳይሆን አይቀርም። ስሙ በግሪክኛ "የሚፈላ ድንጋይ" ማለት ነው። ክሮንስቴት የሚባል ስዊድናዊ በ1756 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣለት፤ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ውሃ እየተነነ ስለሚፈላ። ጥሩ ናሙናችሁ ላይ አትሞክሩት።

ቅሪተ አካል ካጋጠማችሁ። ይሄኛው ሌላ ጉዳይ ነው። ከጎንደር በስተምዕራብ፣ ጭልጋ ላይ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የሚባል ሁለት ቀንድ ያለው ግዙፍ እንስሳ አጥንት ተገኝቷል። እንጨት የሚመስል ድንጋይ ወይም ጥርስ የሚመስል ነገር ካያችሁ አታንሱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ነው። በዚያ ላይ ዕድሜው የሚታወቀው ከተቀበረበት ንጣፍ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ለተመራማሪም ብዙ አይነግረውም። ለመጠን እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

ማስቀመጥ። የእንቁላል ካርቶን ይበቃል። ግን ቤት ሳትደርሱ፣ እዚያው ቆማችሁ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፋችሁ ከድንጋዩ ጋር ጠቅልሉት። እኔ ጋ ሦስት የሚያምሩ አሉ፤ ከአዘዞ ይሁኑ ከቆላድባ አላውቅም። አሁን በር ይይዙልኛል።