ካራቫኖች የሰፈር ሜዳ ላይ ሲያርፉ የእንግሊዝ ካውንስል ምን ያደርጋል?

እንግሊዝ የምትኖሩ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ትናንት ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት የዋለ ሜዳ ሲነጋ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በሚኖሩ ሰዎች ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ተሞልቶ ይገኛል። የሰፈሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ይታመሳል። «ካውንስሉ ምን ይጠብቃል? ለምን ዛሬውኑ አያስነሳቸውም?» ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) የተኛ ሊመስል ይችላል። ግን ሕጉ መጀመሪያ አጣራ፣ ከዚያ ወስን ይለዋል።

መጀመሪያ፣ መሬቱ የማን ነው?

ፓርክ ወይም የካውንስል መኪና ማቆሚያ ከሆነ ጉዳዩ የካውንስሉ ነው። የግል መሬት ከሆነ ማስለቀቁ በዋናነት የባለቤቱ ጣጣ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው በገዙት መሬት ላይ ያለ ፕላን ፈቃድ (መሬቱን ለዚያ ለመጠቀም የሚያስፈልግ የካውንስል ፈቃድ) ከሰፈሩ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል። በ2011 ኤሴክስ ውስጥ ባዝልደን ከተማ አጠገብ ዴል ፋርም ላይ የተካሄደው ትልቁ ማስለቀቅ የዚህኛው ዓይነት ነበር። በሌላ ሰው መሬት ላይ መስፈርንና በራስ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መስፈርን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ቀጥሎ፣ ሄዶ መጠየቅ

የካውንስል ሠራተኛ ቦታው ድረስ ይሄዳል። ካራቫኖቹን ይቆጥራል፣ ከሰዎቹ ጋር ያወራል። የታመመ አለ? ነፍሰ ጡር አለች? ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል? እስከ መቼ ለመቆየት አስባችኋል? ለምን እዚህ አረፋችሁ? አንዳንዴ መልሱ ቀብር ወይም ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ይሆናል።

ጎረቤት ይህን ሲያይ «ሻይ ሊጠጡ ነው እንዴ የሄዱት?» ይላል። ነገር ግን ጥያቄው ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። ከ1994 ጀምሮ ያለው የመንግሥት መመሪያ የሰዎቹን ሁኔታ ማጣራት ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቶችም ይህንኑ አጽንተውታል። ሳያጣራ ለማስነሳት የወሰነ ካውንስል ክስ ቢመጣበት ሊረታ ይችላል። በዚያ ላይ በካራቫን የመኖር ልማድ ያላቸው ሮማኒ ጂፕሲዎችና የአየርላንድ ትራቨለሮች በ2010 የእኩልነት ሕግ እንደ ብሔረሰብ ጥበቃ አላቸው። ቅሬታ ስታቀርቡ ስለ ቆሻሻው ወይም ስለ ጩኸቱ አውሩ፤ ስለ ዘራቸው ከሆነ ግን ራሳችሁ ጥፋተኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከዚያ ውሳኔ

ቦታው አደገኛ ካልሆነና ብዙ ችግር ካልተፈጠረ፣ ካውንስሉ ለጥቂት ጊዜ ሊታገሣቸው ይችላል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያና ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ያቀርባል። ሊድስ ከተማ ከዚህም አልፋ በስምምነት ማሳረፍን ለምዳለች፤ ካውንስሉ አገልግሎት ይሰጣል፣ ሰዎቹ ደግሞ ቦታውን በንጽሕና ለመያዝና በተባለው ቀን ለመነሣት ይስማማሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚያዋጣው ይህ ነው። ከአንዱ ፓርክ ማባረር ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ፓርክ መላክ ነው።

ማስነሳት ከተወሰነ

የተለመደው መንገድ የ1994ቱ የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 77 ነው። ካውንስሉ ልቀቁ የሚል የጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጣል። እምቢ ካሉ በአንቀጽ 78 ከማጂስትሬት ፍርድ ቤት የማስነሻ ትእዛዝ ይጠይቃል። ወይም እንደ ማንኛውም ባለመሬት ካውንቲ ኮርት (የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት) ሄዶ ይዞታውን ያስመልሳል። የሁለቱም ፍጥነት በፍርድ ቤቱ ወረፋ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ፖሊስም የራሱ ሥልጣን አለው፣ ግን የካውንስሉ ተላላኪ አይደለም። በዚያው በ1994ቱ ሕግ አንቀጽ 61 ለማስነሳት በመጀመሪያ ልቀቁ ተብለው መጠየቅ አለባቸው። ከዚያም ጉዳት፣ ረብሻ ወይም ሰውን የሚያስጨንቅ ድርጊት፣ አለዚያም ቢያንስ 6 ተሽከርካሪ መኖር አለበት። ያም ሆኖ ውሳኔው የፖሊስ ነው። ከሰኔ 2022 ወዲህ ደግሞ ከባድ ጉዳት ወይም ረብሻ ካለና ልቀቁ ተብለው እምቢ ካሉ፣ በተሽከርካሪ መስፈሩ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ተሽከርካሪውም ሊያዝ ይችላል። ይህን ያመጣው የ2022ቱ ሕግ በፖሊስ የተነሣ ሰው ወደዚያው መሬት እንዳይመለስ የተከለከለበትን ጊዜ ከ3 ወደ 12 ወር አራዝሞ ነበር። በግንቦት 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህ መራዘም ከሰብአዊ መብት ሕጉ ጋር ይጋጫል ብሏል።

ከሄዱ በኋላ

ሜዳው ይጸዳል። በሩ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ወይም ካራቫን የማያሳልፍ ብረት ይተከላል። አንዳንድ ካውንስሎች ገና ያልመጡ ሰዎችን ጭምር የሚከለክል የፍርድ ቤት እገዳ ይጠይቃሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2023 ይህ ይቻላል፣ ግን ጥብቅ ምክንያት ይፈልጋል ብሎ ወስኗል። ካውንስሉ ለእነዚህ ሰዎች ማረፊያ ማዘጋጀት አለማዘጋጀቱም ይታያል። በ1968 የወጣ ሕግ ማረፊያ አዘጋጁ ብሎ ያስገድድ ነበር፤ ግዴታው የቀረው በዚያው በ1994ቱ ሕግ ነው። የፖሊስን ሰፋሪዎችን የማስነሳት ሥልጣን ያሰፋውም እሱ ነው።

እናንተ ለካውንስሉ ስትደውሉ ቦታውን በትክክል ተናገሩ፣ ስንት ካራቫን እንዳያችሁና መቼ እንደመጡም ግለጹ። ወንጀል ካያችሁ ለፖሊስ በ101፣ አስቸኳይ ከሆነ በ999 ደውሉ። ልጆቻቸውን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። የአካባቢያችሁን የምክር ቤት ተመራጭ ደግሞ «በወረዳችን ጊዜያዊ ማረፊያ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት።