ዓይን አፋሩን ልጅ መጀመሪያ መደብ አስቀቡት

በትምህርት ቤት ወይም በሰፈር ከልጆች ጋር የግድግዳ ሥዕል ልትሠሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓይን አፋሩን ልጅ "ና ሣል" ብላችሁ ሰው ፊት አታቁሙት። መጀመሪያ መደቡን፣ ማለትም ሥዕሉ የሚያርፍበትን የግድግዳውን የጀርባ ቀለም፣ ይቀባ። እዚያ ላይ የሚበላሽ ነገር የለም፣ እጁ ይፍታታል፣ አጠገቡ ካለው ልጅ ጋር ወሬ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ "ይቺን ወፍ እኔ ልሣላት?" ይላችኋል። ሲጨርስ "ምንድነው ይሄ?" ከማለት "እስቲ ስለሱ ንገረኝ" በሉት፤ የፊተኛው ፈተና ይመስላል። ደግሞ እባካችሁ ሥራውን በእጃችሁ አታስተካክሉ (እኔ አንዴ አድርጌው ልጁ ብሩሹን አስቀምጦ ሄደ)። ቤቱ ጠማማ ከሆነ ጠማማ ይሁን። የጨዋታ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3000 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ ኪነ ጥበብ ለጤና እንደሚበጅ ጽፏል።